የጎደለው የደም ማርጊያ ከየት ይመጣል? ከሐምስተር ኩላሊት እስከ ፍኖተ ሰላም

ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን በሚገረዝበት አገር ሄሞፊሊያ ራሱን ለመግለጥ ብዙ አይጠብቅም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሊበን ገጠር ሕፃኑ ይገረዛል፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ደሙ ግን ጨርቅ እያራሰ ጨርቅ ያስቀይራል። ማታ ያቆመ መስሎ ሌሊት እንደገና ይጀምራል። ከግርዛት ያመለጠው እንጥሉ ሲቆረጥ፣ ጥርሱ ሲነቀል፣ አለዚያም መዳህ ጀምሮ ጉልበቱ ሲያብጥ ይታወቃል። ቤተሰቡ ምክንያት አያጣለትም፤ የገራዡ እጅ፣ የሰው ዓይን፣ እርግማን ይባላል። እናትየው የገዛ ወንድሟም ደም አልቆም ብሎት በልጅነቱ መሞቱን ስታነሳ ግን ወደ እውነቱ እየቀረበች ነው።

የባቢሎን ታልሙድ አዘጋጆች ከ1400 ዓመታት በፊት እዚያው ደርሰው ነበር። ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበት ልጅ እንዳይገረዝ ይደነግጋሉ፤ የሦስት እኅቶቿ ልጆች በተራ የሞቱባት አራተኛዋ እኅት ልጇን እንዳታስገርዝ መከልከሏንም ይተርካሉ። አባቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሞቱ የሚከተለው እናቶቹን ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ፋክተር ስምንትና ፋክተር ዘጠኝ የሚባሉትን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች የሚያሠሩት ዘረ መሎች ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ናቸው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስምንተኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ ይባላል፤ ከ5,000 ወንድ ልጆች በአንዱ ላይ ገደማ ይከሰታል። ዘጠነኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ነው፤ እርሱ አምስት እጥፍ ያህል ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ አለ። ሰባት ቤት ቆጥረን እየተጋባን ይህ ነገር እንዴት ገባብን? ሰባት ቤት መቁጠር ከንቱ ልማድ አይደለም። ፋክተር ሰባት፣ ፋክተር አሥር ወይም ፋክተር አሥራ ሦስት የሚጎድልባቸው ብርቅ ሕመሞች የሚወጡት ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረ መል ሲገናኝ ነው፤ የአጎት ልጅ በሚጋባበት አገር፣ ለምሳሌ በኢራንና በፓኪስታን፣ በብዛት የሚታዩትም ለዚህ ነው። የጎጃም ልማድ ያንን በር በደንብ ይዘጋል። ሄሞፊሊያ ግን በሌላ በር ነው የሚገባው። እናት ብቻዋን ታስተላልፈዋለች፤ ባሏ ከየትም አገር ቢመጣ ለውጥ የለውም። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ደግሞ በዘራቸው ማንም ያልነበረባቸው፣ ለውጡ አዲስ የተፈጠረባቸው ናቸው። ስለዚህ በዘር ቆጠራ የማይመከት ሕመም ነው፤ የሚቀረው የጎደለውን መተካት ብቻ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተውም ያንን ነው፤ የጎደለው ፕሮቲን ዛሬ እንዴት ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ ከዚያስ ወደ ምዕራብ ጎጃም ለመድረስ ምን ይጎድለዋል?

መተካት የተጀመረው በደም ነው። ሙሉ ደም መስጠት ብዙም አይረዳም፤ ፋክተሩ በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚበቃውን ያህል ለማግኘት የሚሰጠው ፈሳሽ ልብን ያስጨንቃል። በ1964 እ.ኤ.አ. የስታንፎርዷ ጁዲት ፑል የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከታች በሚቀረው ዝቃጭ ውስጥ ፋክተር ስምንት ተጠራቅሞ እንደሚገኝ አሳየች። ይህ ክራዮፕሪሲፒቴት ፍሪዘርና ሴንትሪፊውጅ ባለው ደም ባንክ ሁሉ ሊሠራ ይችላል፤ ለድሃ አገር እስከ ዛሬ ድረስ የሚረዳም ነው። ከዚያ ፋብሪካዎች የሺዎችን ፕላዝማ በአንድ ገንዳ እየቀላቀሉ ደረቅ ዱቄት ማዘጋጀት ጀመሩ። ታማሚው ቤቱ ሆኖ ራሱን መውጋት ቻለ። ግን ከሺዎቹ አንዱ ቫይረስ ካለበት ገንዳው በሙሉ ይበከላል፤ የሆነውም ይኸው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከሄሞፊሊያ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በመድኃኒታቸው ኤችአይቪ ተያዙ። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ምርመራ ውጤት፣ በዚያች አገር በተበከለ ደምና የደም ውጤት ከ30,000 በላይ ሰው መያዙንና 3,000 ያህሉ መሞቱን ተናግሯል። ፕሮቲኑን ከሰው ደም ውጭ የማምረቱ ሩጫ የተፋጠነው በዚህ ሐዘን መካከል ነው።

ኢንሱሊን በ1982 እ.ኤ.አ. ከባክቴሪያ ተመርቶ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ታዲያ ፋክተር ስምንትስ ለምን በባክቴሪያ አይመረትም? ኢንሱሊን የ51 አሚኖ አሲድ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ፋክተር ስምንት 2,332 አሚኖ አሲድ አለው፤ ሰንሰለቱ መርዘሙ ብቻም አይደለም ችግሩ። ተሠርቶ ሲያበቃ በሕዋሱ ውስጥ ብዙ እጅ ይነካዋል። በብዙ ቦታ የስኳር ቅርንጫፍ ይተከልበታል፤ በስድስት ቦታ ታይሮሲኖቹ ላይ ሰልፌት ይጨመራል፤ በተወሰነ ቦታ ይቆረጣል። ከሰልፌቶቹ አንዱ፣ በ1,680ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ያለው፣ ቢቀር ፋክተር ስምንት በደም ውስጥ ተሸካሚው ከሆነው ከፎን ቪለብራንድ ፕሮቲን ጋር አይያያዝም፤ ተሸካሚ ያጣ ደግሞ ወዲያው ይጠፋል። ባክቴሪያ እነዚህን ሥራዎች አያውቃቸውም። አጥቢ እንስሳ ያውቃቸዋል።

ፋክተር ዘጠኝ በመጠኑ ያንሳል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከፊት ለፊቱ ያሉት 12 ግሉታሚክ አሲዶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጨመርባቸው ይገባል፤ ይህ የሚሆነው በቫይታሚን ኬ እርዳታ ነው። አዋላጅ ነርስ በጤና ጣቢያ ለተወለደ ሕፃን ጭኑ ላይ የምትወጋው ቫይታሚን ኬ ይኸው ነው፤ የሕፃኑ ጉበት ፋክተር ዘጠኝንና ጓደኞቹን አሟልቶ እንዲሠራ ነው የሚሰጠው። የፋብሪካው ሕዋስም እንደ ሕፃኑ ቫይታሚን ኬ በምግቡ ውስጥ ይደረግለታል። (ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ በስምንተኛው ቀን የሚደማ ልጅ ሁሉ ሄሞፊሊያ የለበትም፤ ቤት የተወለደና ይህን መርፌ ያላገኘ ሕፃን በቫይታሚኑ እጥረት ብቻ ሊደማ ይችላል። ለሐኪም የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበትም ይህ ነው።)

የፋክተር ዘጠኝ ዘረ መል በ1982 እ.ኤ.አ.፣ የፋክተር ስምንት ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ተነጥለው ተገለበጡ። የኋለኛውን ጄነንቴክና ጄኔቲክስ ኢንስቲትዩት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች እየተሽቀዳደሙ በአንድ ዓመት አሳተሙት። ዘረ መሉን ተቀብለው የሚያመርቱት ሕዋሳት ግን ከዚያ በፊት ለሌላ ጉዳይ የተገኙ ነበሩ። ሲኤችኦ የሚባለውን መስመር ቴዎዶር ፐክ በ1957 እ.ኤ.አ. በዴንቨር ከአንዲት የቻይና ሐምስተር እንቁላል ማፍሪያ አወጣው። ቢኤችኬ-21 በ1961 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ከሶርያ ሐምስተር ግልገሎች ኩላሊት ወጣ። ሄክ-293 ከሰው ፅንስ ኩላሊት በ1973 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ላይደን የተገኘ ነው፤ ምንጩ የሚያስጨንቃቸው አማኞች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ጥያቄያቸውም በቸልታ የሚታለፍ አይመስለኝም።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሰው ዘረ መል ወደ ሐምስተሩ ሕዋስ ይገባል። ከጎኑ ሕዋሱ ያለ እርሱ መኖር የማይችለው ሌላ ዘረ መል ይታሰራል፤ ከዚያ ሜቶትሬክሴት የተባለው መርዝ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ሕዋሳቱ ይፈተናሉ። መርዙን ተቋቁመው የሚተርፉት የገባላቸውን ዘረ መል በብዙ ቅጂ ያባዙት ናቸው፤ የሰው ፕሮቲንም አብሮ ይበዛል። ከተረፉት መካከል ምርጡ ሕዋስ ብቻውን ተነጥሎ ይራባል፣ ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል፣ የፋብሪካው ምርት ሁሉ ለዓመታት ከዚያ ይቀዳል።

እንዲህም ሆኖ ፋክተር ስምንት ለአምራቾች አስቸጋሪ ነው። ሕዋሱ ከሠራው ውስጥ ብዙው ሳይወጣ ውስጡ ይቀራል፤ ፕሮቲኖችን አጣጥፈው የሚያሳልፉት ጠባቂዎች ይዘው አይለቁትም። የወጣውም በሞቃት ገንዳ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ይበላሻል። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካ ሕዋሱን ገንዳው ውስጥ አስቀርቶ ፈሳሹን በየጊዜው ያወጣል፤ ሌላው ፎን ቪለብራንድን በዚያው ሕዋስ አብሮ ያሠራል፣ ተሸካሚ እንዲሆነው። አሁን የካንሰር መድኃኒት የሆኑ ፀረ እንግዳ አካላት ከዚያው ዓይነት ሕዋስ በአንድ ሊትር በግራም ይለቀማሉ፤ ፋክተር ስምንት ግን በአንድ ሊትር ጥቂት ሚሊግራም ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ማጥራት አለ፤ ፋክተሩን ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይያዛል፣ የቫይረስን ቅባታማ ሽፋን በሚያሟሟ ኬሚካል ይታጠባል፣ ከአንድ ሚሊሜትር 50,000 ጊዜ በሚያንሱ ቀዳዳዎች ይጣራል።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሪኮምቢናንት፣ ማለትም በተሻገረ ዘረ መል የተሠራ፣ ፋክተር ስምንት በ1992 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የተሠራው በሲኤችኦ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከቢኤችኬ የሚመረተው ኮጀኔት ተከተለ። ከቢኤችኬ የሚመረት ገባሪ ፋክተር ሰባት በአውሮፓ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ከሲኤችኦ የሚመረት ፋክተር ዘጠኝ ደግሞ በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. መጡ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከሰውም ሆነ ከእንስሳ የተወሰደ ፕሮቲን ምንም ሳይጨመርበት የሚመረተው አድቬት ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ዕድሜውን የማርዘም ታሪክ ነው። የተፈጥሮ ፋክተር ስምንት በ12 ሰዓት አካባቢ ግማሹ ከደም ይጠፋል፤ በሄክ ሕዋስ ተሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ኢፋኔሶክቶኮግ ግን በሳምንት አንድ መርፌ ይበቃዋል። ከመንገዱ የወጡም አሉ። ስኳር የማይተከልበት የፋክተር አሥራ ሦስት ክፍል በእርሾ ይመረታል፤ ገባሪ ፋክተር ሰባትን ደግሞ ከጥንቸል ወተት የሚያጠራ ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፈቃድ አግኝቷል።

አሁን አንድ ስሌት ላቅርብ፤ ነገሩን ሁሉ የለወጠብኝ እርሱ ነውና። አንድ ዓለም አቀፍ ዩኒት ፋክተር ስምንት ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ጤናማ ፕላዝማ ውስጥ ያለው መጠን ነው፤ ክብደቱ ከ0.1 እስከ 0.2 ማይክሮግራም ይሆናል። በ1,000 ዩኒት ብልቃጥ ውስጥ የሚታየው ነጭ ዱቄት ከሞላ ጎደል ሁሉም ስኳርና ጨው ነው፤ መድኃኒቱ ከሚሊግራም አንድ አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ ብቻ ነው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን አንድ አገር ታማሚዎቹን ከሞት ለማትረፍ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ አንድ ዩኒት በዓመት እንዲኖረው ይመክራል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ኢትዮጵያ ያ 120 ሚሊዮን ዩኒት ነው። በክብደት ስንት ይሆናል? ከ12 እስከ 24 ግራም፤ ጥቂት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል። ቡሬ ላይ ያለው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በቶን እየለካ ያመርታል፤ እዚህ የምንነጋገረው ግን የአንድ አገር ወንዶች ልጆች ዕድሜ በግራም ስለሚለካበት ምርት ነው። ውድ የሚያደርገው ብዛቱ አይደለም፤ ንጽሕናው፣ ማረጋገጫው፣ የባለሙያው እጅና በየብልቃጡ የሚደረገው ምርመራ ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ሕዋስ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? አለ፤ ቦታው ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የአፍተግርን ክትባት የሚያመርተው በቢኤችኬ-21 ሕዋስ ላይ ነው። ያ ኮጀኔትን የሠራው የሐምስተር ኩላሊት መስመር ማለት ነው። የጎጃም በሬ ከአፍተግር የሚጠበቅበትና የሰው ልጅ ደም የሚረጋበት መድኃኒት ከአንድ ሕዋስ ዘር ይወጣሉ። ይህ የአጋጣሚ ዝምድናም አይደለም። አጥቢ ሕዋስን በትልቅ ገንዳ ፈሳሽ ውስጥ አንሳፍፎ ማርባትን ኢንዱስትሪው የተማረው በ1960ዎቹ ከዚሁ የአፍተግር ክትባት ነው፤ የሰው ፕሮቲን የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በዓለም ላይ ሥራው ከከብት ወደ ሰው ከተሸጋገረ በኢትዮጵያም ሊሸጋገር የማይችልበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም።

ይህን ስል ግን ነገ ፋብሪካ ይተከል ማለቴ አይደለም። በክትባት ሥራ ሕዋሱ ቫይረሱን አብዝቶ ይሞታል፣ ሥራው አለቀ። በፋክተር ሥራ ሕዋሱ ለሳምንታት ጤናማ ሆኖ መኖር አለበት፤ የሚወጣውም ለዕድሜ ልክ በሰው ደም ሥር የሚገባ ነውና የሚጠየቀው ጥራት ሌላ ነው። ፋክተር ስምንት ደግሞ ከፕሮቲኖች ሁሉ እንቢተኛው ነው። የአገር ውስጥ ምርት ይጀመር ቢባል ከርሱ መጀመር የዋህነት ይመስለኛል፤ በሲኤችኦ በቀላሉ በሚመረትና ብዙ ሰው በሚፈልገው ፕሮቲን እጅ ማፍታታት ይቀድማል። ከሰው ፕላዝማ ማጥራትን እንኳ ብንወስድ፣ ደቡብ አፍሪካ ለአሥርት ዓመታት ስትሠራበት የኖረችው በመደበኛ ለጋሽና በጥራት ቁጥጥር ላይ ተመሥርታ ነው። የእኛ ብሔራዊ ደም ባንክ በ1969 እ.ኤ.አ. በቀይ መስቀል ተመሥርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ መንግሥት የተዛወረ ነው፤ ዛሬም የሚጨነቀው በቅድሚያ በወሊድ ለምትደማ እናት ደም ለማድረስ ነው፤ ልክም ነው።

እስከዚያው በኢትዮጵያ ያለው ፋክተር አብዛኛው የልገሳ ነው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን የሰብአዊ እርዳታ ፕሮግራሙን በ1996 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለት ኩባንያዎች እስከ አንድ ቢሊዮን ዩኒት በአሥር ዓመት ለመለገስ ቃል በመግባታቸው ልገሳው እያለቀ ሲቆራረጥ ከነበረበት ተላቆ መተማመኛ አገኘ። በአገራችን የዚህ ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ የታማሚዎች ማኅበርም አለ። የልገሳው እንቆቅልሽ አንድ ነው፤ የሚሰጠው ስሙ ለተመዘገበ ታማሚ ነው። ከ5,000 ወንዶች አንዱ የሚለው ስሌት ለኢትዮጵያ 12,000 ያህል ሰው ይሰጣል፤ ብዙዎቹ በልጅነት እንደሚሞቱ ቢታሰብም በመዝገብ ያሉት ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ያልተቆጠረ ልጅ ኮታ የለውም።

የባለሙያዎችን ክርክርም ማንሳት ይገባል፤ ሪኮምቢናንት ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለው አልጸናምና። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ሲፔት የተባለ ጥናት በ14 አገሮች ልጆችን በዕጣ ከፍሎ ተከታተለ፤ የ251ዱንም ውጤት መረመረ። መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ከፕላዝማ የተሠራውን ከወሰዱት በ26.8 በመቶ፣ ሪኮምቢናንቱን ከወሰዱት በ44.5 በመቶ ላይ ታየ። ፕላዝማው ፎን ቪለብራንድን ተሸክሞ መምጣቱ ሳይረዳ አልቀረም የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል ኤሚሲዙማብ የፋክተር ስምንትን ቦታ ይዞ የሚሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የሚመረተው በሲኤችኦ ነው፤ ደም ሥር መፈለግ ሳያስፈልግ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ በወር አንዴም ይበቃል፤ ፀረ እንግዳ አካል ላበቀለበት ልጅም ይሠራል። ለገጠር ልጅ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ዋጋው ከልገሳ ውጭ የሚታሰብ ባይሆንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አምራቹ ለፌዴሬሽኑ ይለግሰዋል። የዘረ መል ሕክምናውን ግን አልፈዋለሁ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሄሞፊሊያ ቢ የተፈቀደው የአንድ ሰው ዋጋ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ እዚህ ላይ ማውራቱ ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንመለስ መድኃኒቱን ማስቀመጥ አስቸጋሪ እንዳልሆነ እናያለን። ፋክተር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የኩፍኝ ክትባትም እንዲሁ፣ ፍሪጁም በየጤና ጣቢያው አለ። የአፍ መድማትን የሚያቀለው ትራኔክሳሚክ አሲድ ለወሊድ ደም መፍሰስ ተብሎ ሆስፒታል ገብቷል። ለሥቃይ ማስታገሻ ተብሎ ጡንቻ ላይ የሚወጋ ዳይክሎፌናክ ለዚህ ልጅ አደጋ መሆኑን ነርሷ ማወቅ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ መድኃኒቱ ፍኖተ ሰላም ላይ አስቀድሞ መኖሩ ከምንጊዜውም ይበልጥ ያስፈልጋል።

የሚያስቸግረው ምርመራው ነው። ኤፒቲቲ የሚባለው የመርጋት ጊዜ መለኪያ በ37 ዲግሪ ውኃ፣ በሙከራ ብልቃጥና በሰዓት ቆጣሪ እንኳ ሊሠራ ይችላል፤ ረዝሞ ከተገኘ ከጤናማ ሰው ፕላዝማ ጋር ቀላቅሎ መድገም ጉድለቱ የፋክተር መሆኑን ይጠቁማል። የትኛው ፋክተር፣ ስንት በመቶ የሚለውን ግን ትልቅ ላቦራቶሪ ነው የሚመልሰው። ፋክተር ስምንት በብልቃጥ ውስጥም ይበላሻልና የተቀዳው ናሙና በአራት ሰዓት ውስጥ መመርመር ወይም መቀዝቀዝ አለበት። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀን ከተደረሰም ደህና ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፕላዝማውን እዚያው ሁለት ጊዜ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ለይቶ የሚያቀዘቅዝ ክፍል፣ እስኪላክ የሚይዘው ፍሪዘር፣ በመብራት መቋረጥ ጊዜ የሚያግዘው ጄኔሬተር፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያና በረዶ የያዘ ሣጥን የሚቀበል መኪና ነው። ውጤቱ ሄሞፊሊያ ኤ ከሆነ የልጁ ስም መዝገብ ይገባል፤ እናቱና እኅቶቿም ይጠራሉ፣ ቀጣዩ ወንድ ልጅ ከመገረዙ በፊት።